ድሬ ላይ አንድ ቀን ሲተርፍ፦ ሐረር ደርሶ መልስ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ጠባይዋ ግን የወደብ ነው። ሰው ከአዲስ አበባ ወይም ከጅቡቲ በባቡር ይመጣል፣ ወይም በአውሮፕላን ብቅ ይላል፣ ጉዳዩን በግማሽ ቀን ይጨርስና የሚመልሰው ጉዞ ገና ነገ ማታ ይሆንበታል። መርከቡ እስኪነሳ ወደብ እንደሚወርድ መንገደኛ አንድ ባዶ ቀን እጁ ላይ ይቀራል። ያ ቀን ሐረርን ለማየት ይበቃል፤ የሚበቃው ግን ሰዓቱን ለሚያውቅበት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ መመለሻውን ቁጠሩ

አብዛኛው ሰው ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ ያቅዳል፤ የሚያስመልጠውም ይኸው ነው። ከማታ ወደ ጠዋት ቁጠሩ። ትኬታችሁ ላይ የመነሻውን ሳይሆን «ተገኙ» የተባላችሁበትን ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ ላይ 3 ሰዓት ቀንሱ። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ከሐረር ድሬ መንገዱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ሐረር መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ 30 ደቂቃ፣ ድሬ ውስጥ ዕቃ አንስቶ ጣቢያ ወይም ኤርፖርት ለመድረስ 30 ደቂቃ፣ የቀረው 1 ሰዓት ለጎማ፣ ለፍተሻና ለጭነት መኪና መጠባበቂያ ነው። 11 ሰዓት ላይ ተገኙ ከተባላችሁ፣ 8 ሰዓት ላይ ከጀጎል፣ በግንብ ከታጠረችው ከአሮጌዋ ሐረር፣ መውጣት አለባችሁ ማለት ነው። መጠባበቂያውን አትንኩት። በድሬና በሐረር መካከል ያለው የደንገጎ አቀበት ላይ አንድ ተሳቢ መንገድ ዘግቶ ከቆመ ያ አንድ ሰዓት ለምን እንደተቀመጠ ወዲያው ይገባችኋል።

ስሌቱ ከ7 ሰዓት በፊት ከሐረር የሚያስወጣችሁ ከሆነ፣ ወይ በማለዳ ውጡና ግማሽ ቀን ብቻ እዩ፣ ወይ ሐረርን ለሌላ ጊዜ አስቀምጡና ድሬ ውስጥ የከዚራን ሰፈርና የቀፊራን ገበያ ተዘዋውራችሁ ዋሉ። ይህኛውም መጥፎ ቀን አይደለም።

ቀኑ ምን ቀን ነው?

ዓርብ ከሆነ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሐረር ላይ ምንም አታቅዱ፤ የጁምዓ ሶላት ነው፣ ሱቁም ሙዚየሙም ባለቤቱም መስጊድ ነው። በረመዳን ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ስለሚዘጉ ቁርሳችሁን ድሬ ብሉ፣ ውሃችሁንም ጎዳና ላይ ባትጠጡ ይመረጣል። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ በሚያከብሩት ሸዋል ዒድ ላይ ከመጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ ነው፤ ከተማው ግን ጢም ብሎ ይሞላል፣ አልጋም አይገኝም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ዋዜማና ማግስት ደግሞ የቁልቢ ገብርኤል መንገደኛ ከድሬ እስከ ደንገጎ ያለውን አቀበት ስለሚሞላው፣ የመንገዱን ጊዜ በእጥፍ አስቡ።

ማታውን የሚዘጋጅ

መታወቂያ ያዙ፤ መንገድ ላይ ኬላ አለ። ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል። ቀጭን ሹራብ ወይም ነጠላ፦ ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ ከድሬ ሙቀት በካናቴራ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ደመና ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። ጫማው ከታች የማያንሸራትት ይሁን፤ የጀጎል ድንጋይ በእግር ብዛት ልሟል፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው። ሴትም ወንድም ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ለሴቶች ሻሽ ቦርሳ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው። ዝርዝር ብር በብዛት ያዙ። ጀጎል ውስጥ ትልቅ ኖት የሚመልስ ሰው ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ከጉብኝቱ ላይ ነው የሚቀነሰው። ትልቁን ሻንጣ አልጋ የያዛችሁበት ሆቴል አስቀምጡት፤ ይዞ መውጣት ሁለት ሰው የሚያስከፍል ሸክም ነው።

ወደ ላይ

12 ሰዓት ተኩል ላይ የድሬ መናኸሪያ ድረሱ። ሐረር የሚሄዱት ሚኒባሶችና አባዱላዎች ሰዓት የላቸውም፣ ሞልተው ይነሳሉ፤ ጠዋት ቶሎ ይሞላሉ፣ 3 ሰዓት ካለፈ ግን ጥበቃው ይረዝማል። ሊሞላ ሁለት ሦስት ሰው የቀረውን ምረጡ እንጂ ባዶውንና አዲሱን አትምረጡ። ታሪፉን ከረዳቱ ሳይሆን አጠገባችሁ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ጠይቁ። አራት አምስት ከሆናችሁ ኮንትራት ያዋጣል፤ ስትስማሙ ግን «ደርሶ መልስ፣ እስከ ስንት ሰዓት መቆያ፣ ነዳጅ በማን» የሚሉትን ሦስቱን ጨርሱና ሂሳቡን ግማሽ ግማሽ አድርጉ፤ ሁለተኛው ግማሽ ድሬ ስትመለሱ ይከፈላል። ሙሉውን ጠዋት የከፈለ ሰው 8 ሰዓት ላይ ሹፌሩን ባርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ነው የሚያገኘው።

ከድሬ እንደወጣችሁ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ጋቢና ወይም ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጥ፣ በባዶ ሆድም በጠገበ ሆድም አይሳፈር፤ አንድ ዳቦ በሻይ ልኩ ነው። ዳገቱ ሲያልቅ ደንገጎ ነው፤ እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ በቁልቢ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው በአዴሌና በሐረማያ ወደ ሐረር። ለዓመታት ደርቆ ቆይቶ እንደገና ውሃ የያዘውን የሐረማያ ሐይቅ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ አወዳይ ነው። አወዳይ የጫት ገበያ ነው፤ መንገዱ ላይ ሰው፣ እስርና መኪና ይደባለቃል። የራሳችሁን መኪና የምትነዱ ከሆነ እዚህ ፍጥነት ቀንሱና ጫት የጫነ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ቅደም በሉት። ጫቱ ከመጠውለጉ በፊት መድረስ ስላለበት አይሱዙው ለማንም አይቆምም።

ጀጎል

2 ሰዓት ገደማ ሐረር ትገባላችሁ። መናኸሪያው ከግንቡ ውጭ፣ ወደ ሸዋ በር በኩል ነው። እዚያው መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ፤ ጀጎል ውስጥ ከገባችሁ በኋላ የሚገኘው ሙዚየም ወይም ምግብ ቤት ውስጥ ብቻ ነው።

አሥር ደቂቃ ሳትንቀሳቀሱ ከተማውን በጭንቅላታችሁ ሳሉት፤ ከዚያ በኋላ መጥፋት ይቸግራችኋል። ግንቡ ዙሪያው 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስከበቡት። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረር እና ፈላና። ስድስተኛው፣ ሐረር በር የሚባለው፣ ለመኪና ሲባል በኋላ የተከፈተ ነው። ከሐረር በር የሚነሳው ሰፊ መንገድ ቀጥ ብሎ መሃል ላይ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወጣችኋል። መንገድ ሲጠፋባችሁ «ፈረስ መጋላ የት ነው?» ማለት ብቻ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅም ያሳያችኋል። በቁልቁለት መውረድም ይሠራል፦ ወደ ታች ስትሄዱ ዞሮ ዞሮ ግንቡ ያቆማችኋል፣ ግንቡን ተከትላችሁ አንዱን በር ታገኛላችሁ።

አስጎብኚ ያስፈልጋል? ለመንገዱ አያስፈልግም። ለቤቶቹ ግን አዎ፤ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ «ግቡ» የሚያስብለው እሱ ነው። መታወቂያ ያንጠለጠለውን ያዙ፣ ለግማሽ ቀን ዋጋ ተስማሙ፣ «ሱቅ ስንገባ ውጭ ጠብቀን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። አስጎብኚው አብሮ ከገባ የእሱ ድርሻ ከምትገዙት ዕቃ ዋጋ ላይ ይደመራል፤ ይህ ክፋት ሳይሆን የሥራው ልማድ ነው።

ቁርስ ፈረስ መጋላ አካባቢ ፈጢራ ነው። ሊጡ እንደ ወረቀት ተስቦ ብረት ምጣድ ላይ ይነጠፋል፣ እንቁላሉ መሃል ይፈስሳል፣ አራቱ ጠርዝ ይታጠፋል፣ ሲገለበጥ ዘይቱ ይጮኻል፤ ተቆራርጦ ሲቀርብ ማር ከላይ ይንጠባጠብበታል። ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። እግረ መንገዳችሁን የቡና ቅጠል ሻይ ካለ ቅመሱ፤ ቁቲ ይሉታል፣ በወተትም ይፈላል።

ከቁርስ በኋላ ሙዚየሞቹን አስቀድሙ፤ እነሱ ለምሳ ይዘጋሉ፣ ጎዳናው ግን አይዘጋም። የራምቦ ቤትና ተፈሪ መኮንን ቤት ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም ተቀራርበው ስላሉ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃሉ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን የመጣውም ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን ለንግድ ነው፤ በ1891 እግሩን ታሞ በቃሬዛ ነው የወጣው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ እንጨት ሥራ ቤት ግን ከእሱ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ «እዚህ ክፍል ይተኛ ነበር» የሚላችሁን በፈገግታ እለፉት። ፎቆቹ ላይ ያሉትን የድሮ ሐረር ፎቶዎች ግን አትለፉ፤ ካዩዋቸው በኋላ ፈረስ መጋላ ሌላ ሆኖ ይታያል። ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ በእጅ የተጻፉት መጻሕፍትና ሳንቲሞቹ ጋ ጊዜ ስጡ። መጻሕፍቱን ያለ ፈቃድ አትንኩ፣ ፍላሽ አታብሩ።

ከዚያ መኪና ግርግር። ይህ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው። ለአንድ ቀን መንገደኛ ጥቅሙ እይታ ብቻ አይደለም፦ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጨርቅ ገዝታችሁ ቀለል ያለ ልብስ ብታዝዙ ከሰዓት ታነሳላችሁ። 9 ሰዓት ላይ የምትሄዱ ከሆነ ለሰፊው «8 ሰዓት እሄዳለሁ» በሉት። ግማሹን ብቻ ክፈሉ፣ ቁመቱን በሜትር ያስለካችሁትን ወረቀት ላይ አስጽፉና ያዙት።

መንገዱ ወደ ጊዲር መጋላ ያወርዳችኋል፤ ትልቁ ገበያ ማለት ነው፣ የሥጋ ተራው እዚያ ነው። ቀና በሉ፦ ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ይጠብቃሉ። በእጅ ያንጠለጠሉትን ሥጋ ይቀማሉ፣ ሳንቡሳም ከሥጋ አይለዩም፤ ምግብ እጃችሁ ላይ ካለ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ሆን ብላችሁ ልትመግቧቸው ከፈለጋችሁ ቁራሿን በተዘረጋ መዳፍ ላይ አድርጉ፣ ክንዳችሁን ከራሳችሁ በላይ ዘርጉ፣ አትጨብጡ። ጣት የሚቧጨረው ሰው በመጨረሻዋ ሰከንድ ሲጨብጥ ነው።

አንድ ቤት ግቡ

ቀኑ ቢያጥር ከሌላው ሁሉ ይህን አታስቀሩ። የሐረሪ ቤት ከውጭ ነጭ ግድግዳና አንድ በር ነው፤ ሀብቱ ሁሉ ውስጥ ነው። ደጃፉ ላይ ጫማ አውልቁ። የምትገቡበት ክፍል ወለሉ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ነው፣ ነደባ ይባላል፤ አምስት ነው፣ በቀይ አፈር የተቀባ። ቀለሙ በጨለንቆ ጦርነት በ1879 ዓ.ም. ላለቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። የት እንደምትቀመጡ ራሳችሁ አትምረጡ፤ አሚር ነደባ የሚባለው የቤቱ አባወራ ቦታ ነው፣ እንግዳ ዘሎ ሲቀመጥበት ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ግን ያያል። ቁሙና «የት ልቀመጥ?» በሉ። በዕድሜ የገፉ እናት ካሉ መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም በሉ። ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሞሰብ ፎቶ ለማንሳት ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ሰዎቹን ማንሳት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ስትወጡ የመግቢያውን ብር ለልጅ ሳይሆን ለእመቤቲቱ ስጡ።

ጊዜ ከተረፈ ከፈረስ መጋላ ወደ ኤረር በር ውረዱ፤ የአሚር ኑር መቃብር፣ ያ እንደ ጉልላት የሾለው፣ በዚያው አቅጣጫ ነው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 በድፍረት የገባው በኤረር በር ነበር። ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ጠዋት ነው ደስ የሚለው። መስጊዶቹን፣ በጀጎል 82 ናቸው፣ ከውጭ እዩ፤ ለመግባት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስጠይቁ።

ከሰዓት

ከ7 ሰዓት በኋላ ሐረር ትተኛለች። ባርጫ ነው፤ የሱቁ በር ክፍት ቢሆንም ባለቤቱ ተደግፎ ነው፣ ዋጋ ለመከራከር ፍላጎቱም የለውም። ይህን ሰዓት ለምሳ ተጠቀሙበት። ሑልበት መረቅ (የአብሽ መረቅ) የሚገኝበት ቤት ካለ እሱን፣ ከሌለ ሩዝ በሥጋ። የግመል ሥጋ ወይም ወተት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ወተቱን ለመመለሻችሁ ቀን አታድርጉት፤ ያልለመደው ሆድ ደንገጎ ላይ ነው የሚያስታውሰው።

ግዢ ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ወይም ጠዋት። ሦስት ነገር ይበቃል።

ሞሰብ፦ ወደ ብርሃን አንሱትና በውስጡ እዩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ስፌቱ ላላ ነው። ጠርዙን በሁለት እጅ ጨመቅ አድርጉት፣ ቅርጹን ሳይለቅ መመለስ አለበት። ቀለሙን በረጠበ ጣት ጥረጉ፤ ጣት የሚያቀልም ቀለም ነጠላም ያቀልማል። በልብስ ሞልታችሁ በእጅ ያዙት፣ የመኪናው ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ አታስጭኑ።

ቡና፦ የዕለቱን ቁሌት ጠይቁ፣ አሽታችሁ ግዙ። ጥሬውን ወስዳችሁ ቤት የምትቆሉ ከሆነ ከ1 ኪሎ ጥሬ 800 እስከ 850 ግራም ቁሌት ነው የምታገኙት፤ ስጦታ የምታከፋፍሉ ከሆነ በዚህ አስሉት። የተፈጨ አትግዙ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሽታው አውቶቡስ ውስጥ ቀርቷል።

ሐላዋ፦ ሐረር ላይ ጠንክሮ የገዛችሁት ድሬ ሙቀት ላይ ቅቤው ይወጣል። ሁለት ፌስታል፣ በመካከሉ ጋዜጣ፣ ከልብስ የተለየ ቦታ።

ጅቡ

እዚህ ላይ መወሰን አለባችሁ። ጅብ የሚመገበው ከግንቡ ውጭ፣ ከጨለመ በኋላ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ድሬ የሚመለስ ሚኒባስ ላይ መተማመን አይቻልም፣ በኮንትራት ብትመለሱም ደንገጎን በሌሊት መውረድ በተለይ በክረምት ጉምና ያለ መብራት በቆሙ ጭነት መኪናዎች መካከል ነው። የሚቀጥለው ጉዞ ማለዳ ከሆነ ጅቡን ተዉት። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሐረር እደሩና ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውረዱ። መሃል ያለው ምርጫ፣ «አይተን በሌሊት እንመለሳለን» የሚለው፣ በየሳምንቱ የሚመረጥ መጥፎ ምርጫ ነው።

ከቆያችሁ፦ ዋጋውን በሰው ነው ወይስ በቡድን ብላችሁ ከመጀመሩ በፊት ጨርሱ። ሥጋው አንድ ስንዝር በምትሆን እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ መጋቢው በሚያሳያችሁ ቦታ ተቀመጡ፣ እንጨቷን ከፊታችሁ ዘርጉ፣ ጅቡ ሲነጥቅ አትሳቡ። ከኋላችሁ የሚመጣ ሌላ ጅብ ስለሚኖር በድንገት አትነሱ፣ አትሩጡ። ጅቡን አትዳብሱ፤ መጋቢው የሚዳብሰው እሱን ስለሚያውቁት ነው። ሕፃን ትከሻ ላይ አይቀመጥ። ጭረት ወይም ንክሻ ቢደርስ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለነገ የሚባል አይደለም። የማትቆዩ ደግሞ ቀን ላይ ግንቡ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች እዩ፤ ወረባ ኑዱል ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ፣ ሌሊት ገብቶ ከተማውን አጽድቶ የሚወጣበት።

መውረድ

ስትመለሱ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። ከድሬ ታይዋን ገበያ የገዛችሁት አዲስ ዕቃ፣ ሁለት ሦስት ተመሳሳይ ስልክ ወይም ካርቶን ጨርቅ፣ ካለ ከደረሰኙ ጋር ይሁን፤ «ለራሴ ነው» የሚለው ለአንዱ ይሠራል፣ ለአምስቱ አይሠራም። የማያውቁት ሰው «ይቺን ያዙልኝ» ብሎ የሚሰጣችሁን ፌስታል አትቀበሉ።

ድሬ ስትደርሱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተመልከቱ። በጋውን ገበያ የሚቆምበትና ሰው የሚያቋርጠው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው ድሬ ላይ ከዘነበው ሳይሆን ከላይ፣ እናንተ ከወረዳችሁበት ተራራ ነው። ከ200 በላይ ሰው የወሰደው የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነበር። ደንገጎ ላይ ከባድ ዝናብ አግኝቷችሁ ከነበረ፣ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢታይም፣ በድልድይ ተሻገሩ።

ባቡር የምትሳፈሩ ከሆነ ለባጃጁ ሹፌር «ባቡር ጣቢያ» ብቻ አትበሉት። ከዚራ ያለው ለገሃር፣ በ1895 ዓ.ም. የደረሰው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ቆንጆ ነው፣ ፎቶ ይነሳል፣ የእናንተ ባቡር ግን ከእሱ አይነሳም። «አዲሱ ባቡር ጣቢያ» በሉ። ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ውሃና ዳቦ ከዚራ ላይ ግዙ።